በሕፃን ብርድ ልብስ የተጠቀለለው

ፐርላ በኒውዮርክ ትራም ላይ ሰኞ ሰኞ አንድ ሰው ታያለች። ኮቱ የደህና ቀን ኮት ነው፤ ጫማው ውስጥ ግን ጋዜጣ ወትፏል። በሕፃን ብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር አቅፎ እሹሩሩ ይላል። እሷ በአምስት ሳንቲም ሲኒማ ቤት ትኬት ስለምትሸጥ ከብርድ ልብሱ ሥር ያለውን ክብ ቆርቆሮ አልሳተችውም፤ ፊልም ነው። ትልልቆቹ የፊልም አከፋፋዮች ተባብረው የትንንሾቹን ፊልም በሰላይ ያስነጥቃሉ።

ከዚህ በፊት ሲኒማ ቤቷን ሁለቴ የፈተሸው ሰላይ ዛሬ ሲጋራውን እያጨሰ ከሰውየው አጠገብ ተቀመጠ።

«ወንድ ነው፣ ሴት?»

«ወንድ። አሁን ገና ነው እንቅልፍ የወሰደው፣ ጌታዬ።»

ፐርላ ዓይኗን ከሲጋራው አልነቀለችም። ፊልም እሳት ከነካው እንደ ባሩድ ነው።

የሲጋራው ፍም ወደ ብርድ ልብሱ ሲረግፍ ሰውየው በመዳፉ ቀለበውና ጨበጠው። እሹሩሩውን ግን አላቋረጠም።

ሰላዩ ሊወርድ ተነሳ። «በል፣ ያሳድግልህ!»

«አሜን» አለ ሰውየው፣ ጭብጡን ሳይፈታ።