ተጠባባቂዋን የነቀልኩ ቀን

ልደታ፣ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ባለ አንድ የጥብቅና ቢሮ ለጽዳትና ለሻይ ስቀጠር ገና ልጅ ነበርኩ። ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ ስላቋረጥኩ የተማረ ሰው ፊት አፌ ይተሳሰራል።

በዚያው ሰሞን አንድ ቴክኒሻን ለሙከራ ተቀጠረ። የቢሮው ኢንተርኔት ሁሉ ፕሮክሲ በሚሉት አንድ ማሽን በኩል ነው የሚያልፈው፤ እሱ ከቆመ ሁሉም ይቆማል። ልጁ አጠገቡ ሌላ ማሽን አስቀምጦ ሳምንት ሙሉ ሲያገናኝ ሰነበተ።

«ይቺ ተጠባባቂ ናት» አለኝ ሻይ ሳስገባለት። «ያኛው ሲቆም ሳትታዘዝ ትተካዋለች።»

«እስከዚያ ምን ትሠራለች?»

«ምንም። ቁጭ ብላ መጠበቅ ነው።»

«ታድላ!» አልኩት። ሳቀ።

አንድ ጠዋት የማዕድ ቤቱ ሶኬት ተቃጠለ፤ እንግዶች ደግሞ ሻይ እየጠበቁ ነበር። ቴክኒሻኑ ገመድ ሊገዛ ተክለ ሃይማኖት ሄዷል። ምንም አትሠራም ያላትን ማሽን ነቅዬ ውሃ ማፍያዬን ሰካሁ። ሻዩን ሳቀርብ መመለሱን ረሳሁት።

ከዚያ መብራት ብልጭ ድርግም አለና ዋናው ማሽን ቆመ። የቢሮው ሥራ አስኪያጅ ለችሎት የሚያቀርቡትን ሰነድ በኢሜይል እየጠበቁ ነበር። ጩኸታቸውን ስሰማ ትዝ አለኝና ሮጬ ሰካኋት። በራሷ በራች፤ ሰነዱ ግን የደረሰው ችሎቱ ካለፈ በኋላ ነው።

«ተጠባባቂ አለች አላልከኝም?» አሉት ሲመለስ።

«አለች ጌታዬ። ለምን እንደዘገየች አላወቅኩም።»

ሁለት ቀን ሙሉ ዋናውን እያጠፋ ሞከራት። በሞከራት ቁጥር ተካችው። «እንግዲህ እኔ ነኝ ያበላሸሁት» ይላል ለራሱ። እኔ ሻይ አስገባለታለሁ፣ ባዶውን ብርጭቆ አወጣለሁ። በሦስተኛው ቀን የሙከራ ጊዜህ አልተሳካም ተባለ።

ዕቃውን ሲሸክፍ በሩ ላይ ቆሜ፣ መሬት መሬት እያየሁ ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር።

«የትኛውን ሶኬት?» አለኝ።

አሳየሁት። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ።

«ሥራዬ ልክ ነበራ!» አለ። ፊቱ ፈታ ሲል ይበልጥ አፈርኩ።

«ገብቼ ልንገራቸው?» አልኩት።

«ያባርሩሻል እኮ።»

ይህን ብሎ ቦርሳውን አንስቶ ደረጃውን ወረደ። ነገሩን እንደ ጥያቄ ያቀረብኩት እምቢ እንዲለኝ እንደነበር አውቃለሁ። የሥራ አስኪያጁ በር አሥር እርምጃ አይርቅም ነበር። የሻይ ብርጭቆውን አንስቼ ላጥብ ሄድኩ።