ሳይወሰን የተተወ

ንፋስ መውጫ ከተማ፣ መሰረት ፎቶ ኮፒ ቤቷን ስትከፍት አንድ ሰው ሁልጊዜ ደጃፉ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። ስሙን ጠይቃው አታውቅም። መብራትና ኢንተርኔት ስለምታከራየው፣ ገብቶ ጋቢውን እስከ ጆሮው ተከናንቦ ላፕቶፑ ላይ ያቀረቅራል። ሥራው፣ እንደነገራት፣ የድረ ገጽ መሙያ ሳጥኖች የሚቀበሉትን ነገር ዓይነት አስቀድሞ ኮዱ ውስጥ መጻፍ ነው፤ ይሄኛው ቃል ብቻ፣ ያኛው ቁጥር ብቻ። «ሳይወሰን የተተወ ነገር ኋላ ጉድ ያፈላል» ይላታል ቀና ሳይል።

ዛሬ የንስሐ አባቱ ፈልገውት መጡ። «ልጄ፣ ወንድምህ ከጠፋ ሦስት ዓመት ሆነው። የክርስትና ስሙን በጸሎት ከሕያዋን ጋር ላንሳ ወይስ ከሙታን?»

ሲሮጡ የዋሉት ጣቶቹ ቆሙ። መሰረትም ማሽኗን አጠፋች።

«እኔን አያስወስኑኝ፣ አባ» አለ።