ሙት አይወቀስም

አጎቴ ጣሊያን በወጣ ማግስት የለመዱትን አረቄ ከተዉ ወዲህ፣ ድግስ ላይ ሲቀመጡ እንዳይቀዳላቸው መጀመሪያ ብርጭቋቸውን አፉን ወደ ታች ይደፉት ነበር። ከተማችን ነገሌ ሁሉ ያደንቃቸው ነበር። ለእሳቸው ሲባል ቤታችን ጠላ መጥመቅ ቀረ፤ የእኔ ሰርግ እንኳ በወተት አለፈ፣ እስከ ሊበን ገጠር ድረስ ተሳቀብን። እሱ አልከፋኝም። የከፋኝ ሌላ ነው።

ሚስታቸው፣ አክስቴ፣ የቦረና ልጅ ናት። አባቷ ሲድራት የሰጣትን ላም አጎቴ በስካር ዘመናቸው ገበያ ነድተው ሸጠው ጠጡባት። ከዳኑ በኋላ አንድ ቀን፣ "ላሜን ለምን ሸጡብኝ?" አለቻቸው።

"ያ ሰካራም ሞቷል፤ ሙት አይወቀስም" ብለው ሳቁ።

ከዚያ ወዲህ ማንም ስለ ድሮው ሲያነሳባቸው መልሳቸው ይኸው ሆነ። እኛም አንድ ቀን ራሳቸው ያነሱታል ብለን ጠበቅን።

ባለፈው ሳምንት ቀበርናቸው። ድንኳን ውስጥ አክስቴ እያለቀሰች፣ "ሳዓ ኮ፣ ላሜን..." ብላ በኦሮምኛም በአማርኛም ስትጀምር ሽማግሌዎቹ ተቆጧት።

"ተይ እንጂ! ሙት አይወቀስም።"

ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

ብርጭቋቸው እንደተደፋ መደርደሪያው ላይ አለ። አጎቴ ሁለት ጊዜ ሞቱ፤ በመሃል ግን "ይቅር በይኝ" የሚሉበት ብዙ ዕድሜ ነበራቸው።