አላውቀውም ያልኩት ጎረቤቴ

ሰይድ በደለኝ። ክረምት ላይ ጎርፉን ከእርሻው አዙሮ በማሽላዬ ላይ ለቀቀብኝ፤ እሸት ሳልቀምስ ሁሉም በደለል ተቀበረ። ይህን ሀብሩ ውስጥ ያልሰማ የለም፤ እኔው ነኝ ገበያ ለገበያ ስጮኸው የኖርኩት። እኔ ያደረግኩትን ግን፣ እንደሆነው አድርጌ፣ ለአንድ ሰው ተናግሬ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት ሸብቼ ነው። በሰው እጅ ባስጽፈው አሁንም አሳምሬ አስጽፈው ነበር።

በሌላ ክረምት ወንዙ ሞልቶ የእኔንም የሰይድንም ቤት ወሰደው። እኔ ቀድሜ መርሳ፣ ትምህርት ቤት ግቢ ተጠለልኩ። መታወቂያው በጎርፍ የሄደበት ሰው ድንኳንና ዱቄት የሚያገኘው የሰፈሩ ሰው ሲመሰክርለት ነበር። ሌሎቹ ጎረቤቶቻችን ውርጌሳ ዘመድ ቤት ገብተዋል። ለሰፈራችን ምስክር ሆኜ የቆምኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሰይድ እናቱን አዝሎ መጣ። እማማ ዘሀራ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። እናቴ ታማ በተኛች ጊዜ ከልጆቻቸው እኩል ያበሉኝ ሴት ናቸው።

“አባባ፣ ይህን ሰው ያውቁታል?” አለችኝ የእርዳታ ሠራተኛዋ።

“አላውቀውም።”

ሰይድ ሳቀ። “አያ እንድሪስ፣ ቀልዱን ለኋላ አቆየው እንጂ! ወገቤ ሊቀነጠስ ነው።”

“ወላሂ አላውቀውም።”

ይኼኔ እማማ ዘሀራ ከጀርባው ላይ ቀና አሉ። “እንድሪስ ነህ እንዴ ልጄ? ደህና ነህ? ልጆችህ ተረፉልህ?”

ሴትዮዋ ስለ ልጆቼ እየጠየቁኝ እኔ አፌን ገጥሜ ቆምኩ። ሠራተኛዋ ዓይናቸው እንደማያይ አስተዋለችና፣ በድምፅ የተሳሳቱ መስሏት፣ “ሌላ ምስክር አምጡ” አለች።

ከየት ያምጣ? እናቱን ጥሎ ውርጌሳ መሄድ አልቻለም። ገበያው ዳር፣ ሱቅ በረንዳ ላይ ሰነበቱ። ዝናቡ አላባራ አለ። እማማ ዘሀራን ሳል ጣላቸው፤ ለሕክምና ወልድያ ሄደው ሬሳቸው ተመለሰ። እኔ ያን ሰሞን ደረቅ ድንኳን ውስጥ ገንፎ እበላ ነበር። በላሁ! አልተናነቀኝም። ዛሬ ነው የሚቆጨኝ። ዛሬ ለማን ይረባል?

ኋላ የቅሬያችን፣ የሰፈሩ እድር፣ ሽማግሌዎች ሁለታችንንም አስቀመጡን። ማድረጌን አመንኩ። “ማሽላው አንገብግቦት ነው፤ በንዴቱ ሸይጧን አሳሳተው” አሉልኝ። እኔም አንገቴን ደፋሁ። አዎ ማለቴ ነበር።

የቱ ንዴት? ሰይድን ገና ከግቢው በር ሲገባ አይቼዋለሁ። ተራው እስኪደርስ “አላውቀውም” የምትለዋን ቃል በሆዴ ስለማመዳት ነበር። ጣፈጠችኝ። ጀርባው ላይ ያሉት እሳቸው መሆናቸውን ሳይም አልተውኳትም። ሸይጧን የት ነበር? እኔ ነበርኩ። እኔ አየሁ፣ እኔ አሰብኩ፣ እኔ ማልኩ።

ሰይድ ግን ሽማግሌዎቹን አመነ። “ነዶህ ከሆነማ፣ አያ፣ የጀመርኩት እኔ ነኝ። አፉ ብዬሃለሁ” ብሎ አቅፎኝ አለቀሰ። አፉ ያለው ለተናደደ ሰው ነው። ያ ሰው እኔ አይደለሁም። እናንተንም አፉ በሉኝ አልልም። ነዶኝ ነበር በሚለው ውሸቴ ላይ ዱዓ ተደርጎ ነገሩ ያለቀው በአረፋ ማግስት ነው።