ጀልባዋን ለመመለስ

ቃሊቲ መንገድ ላይ ሬንጅ ሲቀልጥ ከሸተተኝ ደሜ ይፈላል።

አባቴ ለአቃቂ ባቡር የሚቸኩሉ ሰዎችን በእንጨት ጀልባው አባ ሳሙኤል ሐይቅን ያሻግር ነበር። አንድ በጋ ጀልባዋ ውሃ ማስገባት ስትጀምር፣ የዳርቻው ባለመሬት በበሬዎቹ ጎትቶ ዳገቱ ላይ አወጣለትና ዋጋውን ተቀበለ። አባቴ ስንጥቋን በሬንጅ ደፍኖ ሲጨርስ ሰውየው፣ "መመለሻው ለብቻው ነው፤ ያውም እጥፍ!" አለው።

"ዳገቱን በነጠላ ወጥታ ቁልቁለቱን በእጥፍ? አልከፍልም!" አለ አባቴ።

ጀልባዋ ፀሐይ ላይ ሰንብታ ደረቀች፤ ተሰነጣጠቀች። ያኔ ሰውየው የተቀመጠችበትን ቦታ ኪራይ ሊጠይቅ መጣ።

አባቴ፣ "የእኔ የነበረችው ውሃ ላይ ሳለች ነው" ብሎ መጥረቢያ አነሳ። ምን ማለቱ እንደሆነ ያኔ አልገባኝም።

ዛሬም ሬንጁ ሲሸተኝ የሚያንገበግበኝ፣ መጥረቢያው ያረፈው በጀልባዋ ላይ መሆኑ ነው።