ፖፖ፣ መስገጃና የሂክማ ኩባያ

ዓረብ አገር ሥራ የጀመርኩ ቀን ማዳሟ አንድ ሮዝ ፕላስቲክ ዕቃ አስይዛኝ ወደ ልጇ ጠቆመችኝ። እኔ ምኑን አውቄ! እኔ ባደግኩበት በአምባሰል ገጠር ሕፃን ከወገቡ በታች ራቁቱን ነው የሚሮጠው፤ ግቢው ውስጥ ያደርጋል፣ እናቱ በቅጠል ትጠርገዋለች፣ የቀረውን ዶሮ ይጨርሰዋል። ዕቃው መጫወቻ መስሎኝ ልጁን ከነሱሪው ቁጭ አደረግኩት። ማዳሟ ሳቀች። ከዚያ ወዲያ ግን ብዙም አልሳቀችልኝም።

ዕቃው ፖፖ እንደሚባል የነገረችኝ በዚያው ቤት ምግብ የምታበስል የባቲ ልጅ ናት። ሥራውንም ያስተማረችኝ እሷው ናት። ከእንቅልፉ ሲነቃ አስቀምጪው፣ በልቶ ሲጨርስ አስቀምጪው፣ ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት አስቀምጪው፤ አምስት ደቂቃ ካለፈ አንሺው እንጂ አታስጨንቂው አለችኝ። ቀድመሽ ትንሽ ውሃ ጠብ ካደረግሽበት አይጣበቅብሽም አለችኝ። እኔ አምስቷን ደቂቃ ልጁ ፊት ተንበርክኬ እቆጥራለሁ። ሳያደርግ ሲነሳ ላብ ያጠምቀኛል፤ ምንጣፉ ላይ ካደረገ ጥፋቱ የእኔ ነዋ። በስድስት ዓመት ሦስት ልጆች ከዳይፐር አወጣሁ። ጭንቀቱ ግን አብሮኝ አገር ቤት ገባ።

ሐይቅ ከተማ ስመለስ ከልጅ መያዝ ሌላ የማውቀው ሥራ አልነበረኝም፤ ሞግዚት ሆንኩ። መጀመሪያ የቀጠረችኝ መንገድ ዳር ሱቅ ያላት ሴት ናት። በሁለተኛው ቀን ልጇ የተበላሸበትን ሱሪ በሳፋ አድርጋ ሐይቁ ዳር አጥቤ እንድመጣ አዘዘችኝ። አልሄድም አልኳት። ከዚያው ውሃ ሰው ይቀዳል፣ ከብት ይጠጣል፣ የምንበላው ዓሣ ይወጣል። የሕፃን ነው ምን አለው አለችኝ። ይሄን ቃል ስንት ቤት ሰማሁት! የሕፃን ካካ ካካ አይደለም ያለው ማን ነው? ከአዋቂው እኩል ያሳምማል። ከቦኖ በጀሪካን ቀድቼ ግቢ ውስጥ አጠብኩና እጣቢውን ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ደፋሁት። ሴትዮዋ ሳምንቱን ሙሉ ኩሩ እያለች ጠራችኝ።

ከዚያ በኋላ የራሴን ደንብ አወጣሁ። የትም ቤት ስገባ አንድ ፖፖ፣ ክዳን ያለው ባልዲ፣ ሰባት ፓንት፣ ለሌላ ነገር የማይነካ ጨርቅ፣ ሳሙናና በረኪና እጠይቃለሁ። የምይዘው ልጅ ቶሎ የሚወልቅ ላስቲክ ያለው ሱሪ ወይም ቀሚስ ይለብሳል፤ ቁልፍ ያለው ቱታ እኔ ፊት እንዳይመጣ። ፖፖው ጉድጓድ ውስጥ ይደፋል፣ በሳሙና ይታጠባል፣ በረኪና ይነካዋል፣ ፀሐይ ላይ ይገለበጣል። ከዚያ የልጁ እጅ፣ ከዚያ የእኔ እጅ። ይሄ ሳይሆን እንኳን ምግብ የበር እጀታም አልነካም።

ወሬው ዞረ። ሰአዳ ልጅ ከያዘች በሦስት ሳምንት ዳይፐር ታስጥላለች ተባለ። ውሸት ነው፤ ሁለት ወር የፈጀብኝ ልጅ አለ። ግን ደስ ስላለኝ አላስተባበልኩም። ጉድ ያደረገኝ እሱ ነው።

እማማ ዘሃራ ወሬውን ሰምተው አስጠሩኝ። ልጃቸው ፎዚያ ሪያድ ነው የምትሠራው። ሂክማን የዘጠኝ ወር ልጅ ሆና ነው ለእናቷ ጥላት የሄደችው፤ እኔ ስገባ ሂክማ ሁለት ዓመት ተኩል ሆኗታል። ፎዚያ ለአረፋ በዓል ፈቃድ አግኝታ ልትመጣ አንድ ወር ቀርቷታል። እማማ ዘሃራ ፍላጎታቸውን አልደበቁኝም። ልጅሽን በንጽህና አሳድጌልሻለሁ ብዬ ላስረክባት፣ ዳይፐር ታጥቃ እንዳታገኛት አሉኝ። በሦስት ሳምንት ይደርሳል አልኳቸው። እንዴት እንደዚያ አፌን ሞልቼ እንዳልኩ ዛሬም ይገርመኛል።

ቤቱን ያሠራችው ፎዚያ ናት። ሳሎኑ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ቀይ ምንጣፍ የለበሰ የዓረብ መጅሊስ ነው። እማማ ዘሃራ አምስቱንም ሰላት እዚያው ይሰግዳሉ። ሂክማ ደግሞ አያቷ መስገጃውን ሲዘረጉ ካላየች አይሆንላትም፤ ሮጣ መጥታ አጠገባቸው ግንባሯን ትደፋለች።

በመጀመሪያው ቀን ሁለት ጊዜ ምንጣፉ ላይ ሸናች። እማማ ዘሃራ አልተቆጧትም። ነጃሳ ነው፣ አይሰገድበትም፣ ይታጠባል አሉ እንጂ ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ግን በጉልበታቸው ተንበርክከው ቦታውን ደጋግመው በውሃ አጠቡት፣ ቀሚሳቸውን ቀየሩ፣ እጃቸውንና እግራቸውን ታጥበው እንደገና ውዱእ አደረጉ። ጉልበታቸው ታማሚ ነው፤ ሲነሱ ግድግዳ ይይዛሉ። ልርዳዎት ስላቸው እምቢ አሉኝ። በማግስቱም እንደዚያው ሆነ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ሥራው እኔ እጅ ላይ ሆኖ አሮጊት በጉልበቷ ስትድህ ቆሞ ማየት ሞት ነው።

ስለዚህ በሦስተኛው ቀን የሂክማን ውሃ ቀነስኩ።

ለማንም አልተናገርኩም። ሥራ የምገባው ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው፤ ቁርሷን ከአያቷ ጋር በልታ፣ ጠጥታ ነው የምትጠብቀኝ ብዬ አሰብኩ። ከዚያ እስከምወጣ ድረስ ምሳ ስትበላ አንድ ሁለት ጉንጭ ብቻ ሰጠኋት። ውሃ ስትለኝ በጨዋታ አዘናጋታለሁ። ደግሞ ሠራ! ፓንቷ ደረቀ፣ ምንጣፉ ደረቀ፣ ፖፖው ላይ ስትቀመጥ ጠብ ታደርጋለች። እማማ ዘሃራ ከሰላት በኋላ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉልኝ። አሚን አልኩ። ሆዴ ግን አሚን አላለም።

በሳምንቱ መጨረሻ ላይ ሂክማ ካካ ማድረግ አቆመች። አንድ ቀን ምንም አይደለም አልኩ። በሁለተኛው ቀን አንዴ ብቻ አምጣ አምጣ እንደ ፍየል በጠጠር የደረቀ ነገር አደረገችና አለቀሰች። ከዚያ ወዲያ ፖፖውን ሳመጣው ትጮሃለች። መጋረጃ ኋላ ትገባና በእግሯ ጣቶች ቆማ፣ እግሯን አጣምራ፣ ፊቷ እስኪቀላ ትይዘዋለች። ሦስት ቀን፣ አራት ቀን። በአምስተኛው ቀን ምግብ እምቢ አለች፤ ሆዷን ስነካው ጠጥሯል። እማማ ዘሃራን ጠራሁ።

ባጃጅ ይዘን ጤና ጣቢያ ሄድን። ሲስተሯ ሆዷን በቀስታ ዳበሰችና የሆድ ድርቀት ነው አለች። ከዚያ ቀና ብላ ጠየቀችኝ።

«ውሃ በደንብ ትጠጣለች?»

እማማ ዘሃራ እኔን አዩኝ። እኔ ወለሉን አየሁ።

«ትጠጣለች» አልኩ።

ሲስተሯ እስክሪብቶ አነሳች። በደንብ እየጠጣች እንዲህ ከደረቀች ሌላ ነገር ሊኖር ስለሚችል ሐኪም ይያት ብላ ለደሴ ሆስፒታል የሪፈር ወረቀት ጻፈችልን። ወረቀቱን የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ባጃጁ ውስጥ እጥፍ ዘርጋ ሳደርገው መሃሉ ተቀደደ።

ቤት እንደገባን እማማ ዘሃራ ፎዚያ ጋ ደወሉ። ስልካቸውን የሚሰሙት በድምፅ ማጉያው ነው፤ ስለዚህ ሁሉን ሰማሁ። ሆስፒታል የሚለውን ቃል ስትሰማ ፎዚያ ጮኸች። ዛሬውኑ ለማዳሟ እነግራታለሁ፣ አልለቅሽም ካለችኝ ጠፍቼ እወጣለሁ አለች። ማልቀሷ ከንግግሯ ተቀላቀለ።

ጠፍቶ መውጣት ምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። ፓስፖርቷ አሠሪዎቿ እጅ ነው። ከቤት የጠፋች ሴት መንገድ ላይ ከተያዘች የምትገባው እስር ቤት ነው፤ የሚጠብቃትን በሙሉ በእናቷ ፊት መዘርዘር አልፈልግም። ይሄ ሁሉ እኔ በከለከልኩት ኩባያ ውሃ ሊሆን ነው። እማማን ሳላስፈቅድ ስልኩን ከእጃቸው ወሰድኩ።

«ፎዚያ፣ ስሚኝ። ምንጣፉ እንዳይረጥብ ብዬ ውሃ ቀንሼባት ነው። ሲስተሯንም ዋሽቻታለሁ።»

  እማማ ዘሃራ ይሰድቡኛል ወይም በቃሽ ውጪ ይሉኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ግድግዳውን ይዘው ተነሱ፣ ወደ መጅሊሱ ጥግ ሄዱ፣ ከትልቁ ትራስ ኋላ እጃቸውን ሰደዱና የሂክማን ቢጫ ኩባያ አወጡ።

«እኔም ማታና ጠዋት እደብቅባታለሁ፣ ልጄ» አሉ ወደ ስልኩ። «የሱብሂ ሰላቴን ስሰግድ እንዳትሸና ብዬ። ቀን ሰአዳ ታጠጣታለች አልኩ።»

እኔ ጠዋት ጠጥታለች ብዬ ቀን ከለከልኩ። እሳቸው ቀን ትጠጣለች ብለው ማታና ጠዋት ከለከሉ። ልጅቷ ከሻይና ከጉንጭ ውሃ በቀር ቀኑን ሙሉ በጥም ነበር የምትውለው። በአንድ ቤት ያለን ሁለት ሰዎች አንዳችን ለሌላው ትንፍሽ አላልንም።

ፎዚያ ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«አሁን አጠጧት።»

ሂክማ ኩባያውን በሁለት እጇ ይዛ እስከ ታች ጠጣችው፤ ጨመርንላት፣ ያንንም ጠጣች። ስትጠጣ አለቀስኩ፤ እማማ ዘሃራም አለቀሱ። ከዚያ ጤና ጣቢያው ሳይዘጋ ተመልሼ ለሲስተሯ እውነቱን ነገርኳት። የሚገባኝን ያህል ተቆጣችኝ። የሚያለሰልስ ሽሮፕ ሰጠችኝ፤ ውሃ በየሰዓቱ፣ ፓፓያ ጠዋትና ማታ፣ ዳይፐሩ ይመለስላት፣ ፖፖውን ከዓይኗ አርቂው፣ ራሷ እስክትጠይቅ አታንሺባት አለችኝ። በሦስት ቀን ለውጥ ካልመጣ ወይም ካስታወከች በዚያችው ወረቀት ደሴ ትሄጃለሽ አለች። የተቀደደውን በፕላስተር አጣበቀችልኝ።

ሦስቱን ቀን እንዴት እንደዋልኩ አልነግራችሁም። መጋረጃው በተነቃነቀ ቁጥር ተነስቼ አያለሁ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የአስር ሰላት ሊደርስ ሲል እማማ ዘሃራ ውዱእ አድርገው ነጭ የመስገጃ ልብሳቸውን ለብሰዋል። ሂክማ መጋረጃው ኋላ ገብታ ማቃሰት ጀመረች። እኔ ዳይፐሩን አሰብኩ፣ ፖፖውን አሰብኩ፣ የቱን ላድርግ ብዬ ደንዝዤ ቀረሁ። እማማ ዘሃራ ጠሯት። ጓሮ ወጥተው በርጩማ ላይ ተቀመጡ፣ ሁለት እግሮቻቸውን ጎን ለጎን ዘረጉ፣ ዳይፐሯን ፈተው ልጅቷን እግራቸው ላይ ፊቷን ወደ እሳቸው አድርገው አስቀመጧት። የድሮ እናቶች እንደዚያ ነበር የሚያደርጉት። ለፎዚያም እንደዚያ ነው ያደረጉላት። ሂክማ አንገታቸውን አቀፈች። እሳቸው ጀርባዋን እያሻሹ አይዞሽ የኔ አበባ ይሏታል።

አደረገች። እግራቸው ላይ፣ ነጩ ልብሳቸው ጫፍ ላይ።

አልሃምዱሊላህ አሉ እማማ ዘሃራ፤ አንዲት ጠብታ ምንጣፋቸው ላይ ስትወድቅ የሚጨነቁት ሴት። እኔ ሮጬ አመዱን፣ አካፋውንና ሳሙናውን አመጣሁ። እሳቸው እግራቸውን ታጠቡ፣ ልብሳቸውን ቀየሩ፣ ማንቆርቆሪያውን አንስተው እንደገና ውዱእ አደረጉ፤ ሂክማ አጠገባቸው ግንባሯን ደፍታ ሰገዱ።

ለአረፋ ፎዚያ መጣች። ሂክማ ዳይፐር ታጥቃ ነው በር ላይ የቆመችው። እማማ ዘሃራ አፍረው ይቅርታ ሊሉ ጀመሩ፤ እኔም ከኋላቸው አንገቴን ደፋሁ። ሂክማ ለእናቷ እንግዳ ሆና አያቷ ቀሚስ ውስጥ ተደበቀች። ትንሽ ቆይቶ ሸተተን። እኔ ልነሳ ስል ፎዚያ እጄን ያዘችኝ።

ይሄን ካደረግኩላት ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው አለች። እንኳን አልጨረሳችሁት፣ ትንሽ ተረፈኝ አለች። ዳይፐሩን ራሷ ቀየረች፤ ማጣበቂያውን ገልብጣ አሠረችው፣ ሂክማ ሳቀችባት፣ ፈታ እንደገና አሠረችው። ፖፖውንም ያስለመደቻት እሷ ናት፤ ከፈቃዷ የመጨረሻውን ሳምንት ሙሉ ከልጇ ፊት ተንበርክካ አየኋት። አምስቱን ደቂቃ የምትቆጥረው እንደኔ ነበር። እኔ ባልዲ አቀበልኩ።

አሁን አዲስ ቤት ስገባ ቀድሜ የማየው ፖፖውን አይደለም፤ የልጁን ኩባያ ነው። ማን መቼ እንዳጠጣው ኩሽናው ግድግዳ ላይ በእርሳስ እንጽፋለን፤ አሠሪም ትጽፋለች፣ አያትም ትጽፋለች። መጻፍ የማይችል ጭረት ያደርጋል።

ይሄን ሥራ ለምትጀምሩ የማውቀው ይሄ ነው። ምንጣፍ ይታጠባል። ውሃ አትቀንሱ። ከቀነሳችሁ ደግሞ ተናገሩ።