የአርታው ሹራብ

ፀዳል በጅቡቲ ከተማ፣ በካርቲየ 2 ሰፈር የምትታወቀው በሁለት ነገር ነበር፤ በምላሷና ልጇን ከጉያዋ ባለማውጣቷ። ሀራሙስ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር፣ አንድ ቪላ ውስጥ ምግብ አብሳይ ናት። የስምንት ዓመት ልጇን ሲምቦን ግን ጎረቤት እንኳ አሳድራት አታውቅም። "ምነው?" ያላት ሰው መቀመጫ ይፈልግ፤ ወሬው ረጅም ነው።

ድሬዳዋ ተወልዳ ሰባት ዓመት ሲሆናት የሶማሊያ ጦርነት መጣ። እናቷ "ሁለት ቀን ብቻ ነው" ብላ፣ ደደር አካባቢ ገጠር ወዳለች ወዳጇ ላከቻት። ሴትዮዋ አደ ሲምቦ ይባላሉ፤ የፀዳል ልጅም የተሰየመችው በእሳቸው ነው። መንገዱ ተዘጋና ሁለቱ ቀን ዓመት ሆነ። ፀዳል መጀመሪያ አለቀሰች። ቆይቶ የማሽላ ማማ ላይ ሰቀሏትና እህል ሊበላ የሚመጣውን ዝንጀሮ ስትሰድብ መዋል ጀመረች። ምላሷ የተሳለው እዚያ ነው። ስድቡ በኦሮምኛ ስለሆነ አማርኛዋን እዚያው ረሳችው።

መንገዱ ተከፍቶ ድሬ ስትመለስ እናቷ እጇን ዘርግታ ወደ እሷ ሮጠች። ፀዳል ይዘዋት በመጡት በአደ ሲምቦ ቀሚስ ሥር ተወሽቃ፣ "ይቺ ሴትዮ ማን ናት?" አለች። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ፤ እናቷም ሳቀች። ወሬው እዚህ ላይ ያበቃል። እናቷ ከሳቁ በኋላ ጓዳ ገብታ እንዳለቀሰች ፀዳል ለማንም ተናግራ አታውቅም። ፍርሃቷ ይኸው ነው፤ የእኔም ልጅ አንድ ቀን ማን ናት ትለኛለች።

እንደ ፈረንጆቹ በሁለት ሺህ ሰባት፣ በሐምሌ ሐሩር የሲምቦ ገላ ሽፍ አለ። ጎረቤቷ ዙለይካ እንደየዓመቱ ልጆቿን ይዛ ወደ ደጋው ወደ አርታ ልትወጣ ነበር።

"ዋላሌ፣ እህቴ፣ ለሁለት ሳምንት ልውሰዳት" አለቻት።

"አቦ ተይኝ! ሁለት ቀን ብለውኝም ዓመት ከርሜያለሁ!"

"ወላሂ ጦርነት የለም። አንቺ ካልጀመርሽው።"

ፀዳል እያጉረመረመች የልጇን ልብስ አጣጥፋ አቀበለቻት። ሲምቦም ዞር ብላ እንኳ ሳታይ ሄደች።

በመጀመሪያው ቀን ፀዳል ቤቱን አጠበች። በሁለተኛው የታጠበውን ደግማ አጠበች። በሦስተኛው ሹራቡ ትዝ አላት። የቪላው እመቤት ለሲምቦ የሰጧት ወፍራም የሱፍ ሹራብ ነው፤ ጅቡቲ ውስጥ ከትራስነት ሌላ ሥራ አልነበረውም። "ልጄ በብርድ ልታልቅብኝ ነው!" ብላ ታቅፋው ሚኒባስ ተሳፈረች። ረዳቱ ሹራቡን አየ፣ እሷን አየ፣ "እናት፣ አሞሻል እንዴ?" አላት። የመለሰችለትን ዝንጀሮዎቹ ያውቁታል።

አርታ ደርሳ የግቢውን በር ስትገፋ፣ ሲምቦ አቧራ ለብሳ ከዙለይካ ልጆች ጋር በሶማሊኛ ትጮሃለች። ፀዳል በሩን እንደያዘች "ሲምቦ!" ብላ ተጣራች። ልጅቷ ዞር አለች፤ አየቻት፤ ወደ እሷም አልመጣችም። ወደ ዙለይካ ሮጠች።

"አላልኩሽም? በሦስተኛው ቀን መጣች! ውርርዱን ተበላሽ፣ ብስኩቴን አምጪ!" አለቻት።

"ሳምንት ትችላለች ብዬ ነበር" አለች ዙለይካ እየሳቀች።

"እኔ እኮ ሹራብ ላደርስ ነው" አለች ፀዳል፣ ላቧ እየተንጠባጠበ።

ሲምቦ መጥታ እናቷ ወገብ ላይ ተጠመጠመች። "እማ፣ ያንቺ እናት መንገዱ ተዘግቶባት ነው የቀረችው። ክፍት ቢሆን እሷም በሦስተኛው ቀን ትመጣ ነበር።"

ፀዳል ያን ወሬ ሠላሳ ዓመት ስታወራው እንዲህ ብላ አስባው አታውቅም። ሹራቡን ማንም አልለበሰውም፤ እሷ ግን ፊቷን ቀብራ አለቀሰችበት።